ከበሩ ወዲያ ያለው ቢሮ

ቤይሩት በሚገኘው ሆቴል፣ የአየር መንገዱ ሠራተኞች ያረፉበት ክፍል በር ሲከፈት የሚያስገባው አዲስ አበባ ወዳለው የአቶ ምንውየለት ቢሮ ነበር። አቶ ምንውየለት የሥነ ምግባር ክትትል ኃላፊ ናቸው። መውጣት የፈለገ በጠረጴዛቸው ፊት ያልፋል። ከፈቀዱለት በወዲያኛው በር ወደ ሊፍቱ ይወጣል፤ ካልፈቀዱለት ተመልሶ ይተኛል። ሆስተሶቹ ስለለመዱት በሩን በፒጃማ አይከፍቱትም።

ትርሲት ከሰዓት በኋላ ስትከፍተው አቶ ምንውየለት ሻይ ይጠጡ ነበር።

«ወዴት ነው?»

«እህቴ እታች ቆማለች፤ እዚህ አገር ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ካየኋት አራት ዓመቴ።»

«በእረፍት ጊዜ ከሆቴል መውጣት ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ።»

«እሷ ትግባ እንግዲያው።»

«እንግዳም አይገባም።»

ትርሲት ወደ ክፍሏ ተመለሰች። እህቷ አስካለ ከመንገዱ ማዶ ፌስታል ይዛ ቆማለች። አሠሪዋ የለቀቀቻት እስኪመሽ ብቻ ነው።

ስልክ ጮኸ። ምሳ ተፈቅዶላት የወረደችው ባልደረባዋ ረድኤት ነበረች።

«የወጥ ቤቱ በር መንገድ ላይ ያወጣል፤ ረስተውታል መሰለኝ። ወጥቼ እህትሽን ላጫውታት፣ አንቺ ሰውየውን ለምኚ።»

ትርሲት በመስኮት አየቻቸው። ረድኤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መንገዱን ተሻግራ አስካለን አቀፈቻት። ትርሲት በሩን ደግማ ከፈተች።

«አንድ ሰው ጎድሎብኛል» አሉ አቶ ምንውየለት። ቁጣ አልነበረባቸውም። «ማን እንደሆነች ንገሪኝና አንቺ ሂጂ።»

ትርሲት የሻይ ብርጭቆውን አየች።

«ረድኤት ናት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ወዲያኛውን በር አሳዩዋት።

ስትወርድ አስካለ ብቻዋን ነበረች። ተቃቅፈው ብዙ አለቀሱ።

«ጓደኛሽ አሁን እዚህ ነበረች» አለች አስካለ ዓይኗን እየጠረገች። «እንዴት ያለች ተጫዋች መሰለችሽ! ዓይኔን ጨፍኜ ስስቅ ሄደች። ቻው እንኳ አላለችኝም።»

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አስካለ በፌስታል ያመጣችውን ብስኩት በሉ። ትርሲት ቶሎ ቶሎ አኘከች።

«ምን ሆነሻል? ደስ አላለሽም እንዴ?»

«ደስ ብሎኛል፣ እታለም።»

«ያቺን ልጅ አመስግኚልኝ። አደራ።»

በመልስ በረራው የረድኤት ዩኒፎርም ቦታው ላይ ነበር። ቁልፎቹ ተቆልፈዋል፣ ስካርፉም በደንብ ታስሯል። ከስካርፉ በላይ ራስ፣ ከእጅጌዎቹም በታች እጅ አልነበረም። ካፒቴኑ ሲያልፍ እንደ ሁልጊዜው ሰላም አለው። ተሳፋሪዎች ውሃ ተቀብለው አመሰገኑ። አንዲት ሴትዮ ትራስ ጠየቀች፤ መጣላት።

ትርሲት ጋሪውን ከወዲህ በኩል ይዛ ስትገፋ ወደ ዩኒፎርሙ ጠጋ አለችና «እህቴ አመስግኚልኝ ብላለች» አለች። ጋሪው ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ረድፍ ሄደ።

አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትርሲት ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ነበርና ቀበቶዋን አላሰረችም። ባዶው እጅጌ በጭኗ ላይ ተሻግሮ ቀበቶውን ሳበው፣ ቀጭ አድርጎ ቆለፈው፣ መጥበቁንም አንድ ጊዜ ሞከረው።