ጥያቄ የሚደግም ሰው

ሙህዲን ስልኩን ዙቤይዳ ጆሮ ላይ ለጠፈው። ወፍጮው እየጮኸ ስለነበር አፉንም አስጠግቶ ነው የተናገረው።

"ይቺ ድምፅ የአንቱ ናት፣ አይደለችም?"

ዙቤይዳ በዱቄት የነጣ እጇን አውለበለበች። ሚዛኑ ጋ የነበረው ሽማግሌው ሠራተኛዋ አያ አብዱልመጂድ ሞተሩን አጠፋ። ድንጋዩ ዞሮ ዞሮ ቀስ ብሎ ሲቆም የገዛ ድምጿ ብቻውን ቤቱ ውስጥ ቀረ።

"...ጠይቃችሁት፣ ከመመለሱ በፊት ጥያቄያችሁን የሚደግምላችሁ ሰው የሚዋሸውን እየፈለገ ነው። የት ነበርክ ስትሉት፣ እኔ የት ነበርኩ? ካለ አበቃ። ሌላ ምስክር አትፈልጉ። እኔ እዚሁ ወፍጮ ቤቴ ሃያ ሰው ላይ ሞክሬዋለሁ። ወላሂ አንዱም አልሳተኝ።"

"የኔ ናት" አለች ዙቤይዳ። "ምን ሆነች?"

"እንግዲያው ሚስቴ ውሸታም ናት።"

ሙህዲን ፍየል ነጋዴ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ይገዛል፣ ጨፋ ሮቢት አምጥቶ ይሸጣል። ዓፊያን ካገባ ገና ስድስት ወሩ ነው። ለወትሮው ከበር ሳይገባ የሚቀልድ ልጅ ዛሬ የሰው ማሽላ ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን ይመታል።

"ሰኞ ከባቲ ስደውል አታነሳም። አንድ ሰኞ አይደለም፣ አራት ሰኞ። ማታ ገብቼ 'የት ነበርሽ?' ስላት 'የት ነበርኩ?' ትለኛለች። 'ማን መጥቶ ነበር?' ስላት 'ማን መጥቶ ነበር?'። የአንቱን ቮይስ የሰማሁ ዕለት መቁጠር ጀመርኩ። በአንድ ምሽት ሰባት ጊዜ ደገመችብኝ።"

"ታዲያ ምን ልታደርግ አሰብክ?"

"ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ለአባቷ እመልሳታለሁ።" ቀና ብሎ አያት። "ግን ግፍ እፈራለሁ። አሁን ማሽላ ይዛ ትመጣለች፣ ሆን ብዬ ነው የላክኋት። አንቱ ይጠይቋት። ነገሩን ያመጡት አንቱ ነዎት፣ ያውቁበታል። ካልደገመች አፌን እዘጋለሁ። ከደገመች ግን በቃ።"

ተነስቶ ወጣ። አያ አብዱልመጂድ ከሚዛኑ ኋላ ሆኖ ጢሙ ላይ ያረፈውን ዱቄት አራገፈ።

"እንግዲህ ቃዲ ሆንሽለት" አላት።

"አንተ ዝም በል።"

"እኔማ ዝም ካልኩ ቆየሁ። ከሃያዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ መሰለኝ። አስራ ዘጠኙን ግን አላየኋቸውም።"

ዙቤይዳ ዘወር ብላ የወረፋ ከረጢቶችን ታስተካክል ጀመር። የሞከረችባቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ አያ አብዱልመጂድ፣ ሌላዋ እርጥብ እህል ደብቃ ልታስፈጭ የመጣች ሴት። ሃያ ያለችው ሲነገር ስለሚያምር ነው። ወላሂውም ከአፏ አብሮ ወጣ።

ድምጿን የላከችበትን የስልክ ግሩፕ የከፈተችው የእህቷ ልጅ ኢልሃም ናት፣ ደሴ ሳይኮሎጂ የተማረችው። "የሰው ጠባይ" ይባላል፤ ሦስት ሺህ ሰው አለበት። አስተማሪው፣ ነርሱ፣ አረብ አገር ያለችው ሁሉ ስለ ሰው ባሕርይ ያገኘውን ያመጣበታል። ሰው ለምን ብዙ ሰው ወደሚያይበት ያያል? ለምን ብቻውን ሲሆን የወደቀን ያነሳል፣ ከብዙ ሰው ጋር ሲሆን ያልፋል? ዙቤይዳ ከአራተኛ ክፍል ስለወጣች መጻፉ አይሆንላትም። ነገር ግን ሃያ ሁለት ዓመት ወረፋ ስትጠብቅ ሰው አይታለች። የመጀመሪያው ሰው ከረጢቱን አጣሞ ካስቀመጠ ሁሉም አጣሞ እንደሚያስቀምጥ አንድ ቀን በድምፅ ብትናገር ግሩፑ አበደ። ከዚያ ወዲህ "የወፍጮ ቤቷ" ናት። ቪዲዮ ላይ የሰማችውንም፣ ያየችውንም ትልካለች። ጥያቄ ስለሚደግም ሰው የላከችውን ከሺህ በላይ ሰው ወደደው። የተናገረችውን ደግሞ ተሳሳትኩ ብላ መልሳ አታውቅም። በአጥር ነገር ከወንድሟ ጋር አራት ዓመት ያልተነጋገረች ሴት ናት።

ዓፊያ ማሽላዋን በባጃጅ አስጭና መጣች። ቀጭን፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት።

"አካም ጅርቱ፣ እትዬ ዙቤይዳ።"

"አልሃምዱሊላህ፣ ልጄ። ወዲህ አምጪው።"

አያ አብዱልመጂድ ሞተሩን አስነሳ። ዙቤይዳ እህሉን እያፈሰሰች ነገሯን ከሩቅ ጀመረች።

"የሙህዲን እናት ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ትናንት እግሯን አሟት ነበር፣ ዛሬ ተሽሏታል።"

"ምን አለች?" አለ አያ አብዱልመጂድ እየጮኸ።

"ለአንተ አይደለም። ሰኞስ የት ነበርሽ፣ ዓፊያ?"

"ሰኞ ቤት ነበርኩ። ልብስ አጠብኩ፣ ከዙህር በኋላ ተኛሁ።"

አልደገመችም። ዙቤይዳ ሦስተኛ ጠየቀቻት፣ አራተኛም ጠየቀቻት። ልጅቱ ቀጥ ያለ መልስ ትሰጣለች። አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ዓይኗ ከዙቤይዳ ከንፈር ላይ አይነሳም። ዙቤይዳ ዱቄት የነካት መስሏት አፏን በእጅጌዋ ጠረገች።

በዚህ መሀል መብራት ጠፋ። ወፍጮው እየተንፏቀቀ ቆመና ቤቱ ጭር አለ። ከመንገዱ የመኪና ድምፅ መሰማት ጀመረ። ዙቤይዳ ጎንበስ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ የከረጢቱን አፍ እያሰረች ነበር።

"ስልክስ ለምን አታነሺለትም?"

መልስ የለም።

"ዓፊያ፣ ስልክ ለምን አታነሺም?"

"እኔን ነው? ስልክ... ስልክ ለምን አታነሺም ነው ያሉኝ?"

አያ አብዱልመጂድ ዙቤይዳን አያት። ደገመች፣ ይላል ፊቱ።

ዙቤይዳ ግን ገመዱን እንደያዘች ቀረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ወፍጮው ሲጮህ ነው "ምን አልሽ?" የሚለው፤ ሲቆም ይሰማል። ይቺ ልጅ ተገላቢጦሽ ናት። ቀና አለችና የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ሳበች።

"ማሽላው የዘንድሮ ነው?" አለች ከሻርፗ ውስጥ።

ዓፊያ ፈገግ ብላ ዝም አለች። ዙቤይዳ ሻርፗን አወረደችው። ቀጥሎ ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች፦ ቁርስ በልተሽ ነው የመጣሽ?

"በልቻለሁ፣ አልሃምዱሊላህ" አለች ዓፊያ።

"ማን ጠየቀሽ?" አለ አያ አብዱልመጂድ።

የልጅቱ ፊት ባንዴ ጠቆረ። ዙቤይዳን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ መሬት አየች።

"አያ አብዱልመጂድ፣ ውጣና ቆጣሪውን እየው" አለች ዙቤይዳ።

"መብራት የጠፋው ከተማው ሁሉ—" ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ ወጣ።

ዙቤይዳ ዓፊያን ከረጢት ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የማትሰሚው?"

"ግራ ጆሮዬ ከልጅነቴ። አሞኝ ነበር። ቀኙም አሁን እየደከመ ነው። በቀኜ ከተኛሁ ስልክ አልሰማም። እሱ ሲያወራኝ ይዞራል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ፊቱን አላየውም። በትክክል መስማቴን ለማወቅ ነው የምደግመው።"

"ያረቢ። አሁኑኑ እንነግረዋለን። ነገሩ ባንድ ቃል ያልቃል።"

"አይሆንም፣ እትዬ።"

"ከአስር በኋላ ሊመልስሽ ነው እኮ! ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። ሽማግሌ ሲጠራ ፊት ለፊቴ ነበር።" ዓፊያ እጇን ጭኗ ላይ ጨመቀችው። "ሊያጩኝ ሲመጡ 'እንከን አለባት?' ብለው አባቴን ጠየቁት። የለባትም አላቸው። ዛሬ እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው የሚቀመጡት። አባቴ በሰባ ዓመቱ ፊታቸው ውሸታም ይሁን?"

"ታዲያ ዕድሜ ልክሽን ልትደብቂው ነው?"

"ልነግረው ነበር። ወላሂ፣ ቀን እየፈለግሁ ነበር። እሱ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሌባ ሆኜ ተይዤ ሳይሆን በገዛ አፌ ነው የምነግረው። እንዲህ ቢሰማው፣ ለመዳን ያመጣሁት ሰበብ ነው የሚመስለው።" ከዚያ ቀና ብላ "ጆሮው የኔ ነው፣ እትዬ። ለግሩፕዎ አይንገሩብኝ" አለች።

ዙቤይዳ ደነገጠች። ልጅቱ አልተሳሳተችም። ከአፍታ በፊት፣ ከንፈር ማንበቧን ባየችበት ቅጽበት፣ በልቧ ቮይሱን ጀምራው ነበር፦ ስሙኝ እስቲ፣ ዛሬ ወፍጮ ቤቴ ምን እንዳየሁ። እንዲህ ያለ ነገር አግኝታ አታውቅም። ሁለት ሺህ ሰው ይወደው ነበር።

"አልናገርም" አለች። "አሁን በጓሮ በኩል ውጪ። ዱቄትሽን እልክልሻለሁ።"

ሙህዲን ሲመለስ መብራቱ አልመጣም። ዙቤይዳ ከረጢት ላይ እንደተቀመጠች ነበር። አያ አብዱልመጂድ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

"ደገመች፣ አልደገመችም?"

"ደገመች።"

ሙህዲን ዓይኑን ጨፈነ። የፈለገው ይህ እንዳልነበረ ዙቤይዳ ያን ጊዜ አየች።

"ደገመች፣ ግን እኔ የተናገርኩት ውሸት ነው" አለች። "ከሆነ ቪዲዮ የሰማሁት ነገር ነው፣ ማን እንደተናገረው እንኳ አላውቅም። ሃያ ሰው ብዬ ነበር። ሁለት ናቸው። አንዱ ይኸውልህ፣ በሩ ላይ ቆሟል።"

"የዚያን ዕለት 'ምሳ በልተሃል?' ብላ ነው የጠየቀችኝ" አለ አያ አብዱልመጂድ። "እውነትም ዋሽቼ ነበር። ስለዚህ ግማሹ ትክክል ነው።"

ሙህዲን አልሳቀም። "ሊያስታርቁን ነው። ወላሂ ብለው የማሉበትን ነው አሁን ውሸት ነው የሚሉኝ?"

"አዎ። አስታግፊሩላህ። በሐሰት ማልኩ።"

"ለኔ ብቻ እዚህ ቢነግሩኝ ምን ያደርግልኛል? ሽማግሌዎቹንም አሰምቻቸዋለሁ። የገበያው ሰው ሁሉ ስልክ ውስጥ ነው። ለእነሱ ማን ይነግራቸዋል?"

ዙቤይዳ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ዱቄቱን በቀሚሷ ጠረገች። ከወንድሟ ጋር የተጣላችበት አጥር ትዝ አላት፤ ያኔ ከተናገረችው አንድ ቃል ወደ ኋላ ብትመልስ ኖሮ አራት ዓመት ባልሄደ ነበር። አልመለሰችም። ጣቷን የማይኩ ምልክት ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ተጫነችው።

"አሰላሙ አለይኩም። የወፍጮ ቤቷ ነኝ። ጥያቄ የሚደግም ሰው ይዋሻል ብዬ ልኬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሃያ ሰው ላይ ሞከርኩ ያልኩት ሁለት ሰው ነው። የማልኩትም በሐሰት ነው። በዚያ ነገር ሚስቱን፣ ልጁን፣ ሠራተኛውን የጠረጠረ ካለ አውፍ፣ ይቅር ይበለኝ፤ ሄዶም የጠረጠረውን ሰው አውፍ በለኝ ይበለው። ለሰው የላካችሁትም ይቺኛዋን ላኩለት።"

ላከችው። ስልኩ ወዲያው ቲን ቲን ይል ጀመር። ዙቤይዳ ፊደል እየለቀመች ማንበቡ ስለማይሆንላት ሙህዲን ተቀብሎ ያነብላት ጀመር።

"ኢልሃም፣ 'አክስቴ ምን ሆነሽ ነው?' ትላለች። ይሄኛው ይስቅብዎታል። ይሄኛው፣ 'ከእንግዲህ ያልሽውን ሁሉ አላምንም' ይላል።"

"ልክ ነው። ቀጥል።"

"'ታዲያ ሰው ጥያቄ የሚደግመው ለምንድን ነው?' ይላል አንዱ።" ሙህዲን ስልኩን ዝቅ አደረገው። ማንበቡን ትቶ እሷን ማየት ጀመረ። "እውነት፣ እትዬ። ለምን ትደግማለች?"

"ለምን ትደግማለች?" አለች ዙቤይዳ።

ከአፏ እንደወጣ ሰማችው። ሙህዲንም ሰማው። በሩ ላይ አያ አብዱልመጂድ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔን አትጠይቀኝ" አለች በመጨረሻ፣ ድምጿን ጠንከር አድርጋ። "ሂድና ሚስትህን ጠይቃት። ጫማህን እያወለቅክ አይደለም። ፊት ለፊቷ ተቀመጥ፣ ፊትህን ትይህ፣ ቀስ ብለህ ተናገር። ከደገመችም ድገምላት። እስክትነግርህ ድረስ አትቸኩል።"

ሙህዲን ስልኳን እንደያዘ ቆመ። አንድ ነገር ልቡ ውስጥ ሲያገላብጥ ይታያል፤ ምን እንደሆነ ግን እሱም ገና አልያዘውም። ስልኳን መለሰላትና የራሱን አውጥቶ ከሽማግሌዎቹ ለአንዱ ደወለ።

"አባባ፣ ሙህዲን ነኝ። ዛሬ አይድከሙ። አዎ፣ ለሌሎቹም ይንገሩልኝ። ኤዬ፣ እሺ። መጀመሪያ ቤት የማወራው ነገር አለኝ።"

ስልኩን ሲዘጋ መብራት መጣ። ጣሪያው ላይ ያለችው አምፖል በዱቄት ብናኝ ውስጥ ቦግ አለች። የዙቤይዳ ስልክ አሁንም ቲን ቲን ይላል፤ ሦስት ሺህ ሰው መልሱን ይጠብቃል። መልሱም አላት። ስልኩን ዘግታ የሚዛኑ ድንጋዮች መሀል ወረወረችው።

ሙህዲን በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። "እትዬ ዙቤይዳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት..."

"አያ አብዱልመጂድ" አለች ዙቤይዳ፣ "ሞተሩን አስነሳው።"