የእሁድ ኮት

ልብስ ሰፊው አባቷ እሁድ እሁድ ኮቱን ለብሶ ይጠብቃታል። ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ ከገባ ወዲህ ሌላውን ቀን ከአልጋ አይወርድም፤ ደረቱ ላይ በሚለጠፈው የሕመም ማስታገሻ ደንዝዞ እንደሚውል እናቷ ትነግራታለች። እሷ ስትመጣ ግን ቀልዱ አያልቅም።

«አንዱ ደንበኛዬ ‹የሱሪው አንድ እግር አጠረብኝ› ብሎ መጣ። ‹ሱሪውስ ልክ ነው ጌታዬ፤ እግርዎ ነው የቸኮለው› አልኩታ!»

ሳምንቱን ሙሉ በድን ሆና ነው የምትከርመው። ሥራ ትገባለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች፤ ማልቀስ እንኳ አቅቷታል። ሰው መሆኗ ትዝ የሚላት እሁድ ስትስቅ ብቻ ነው። አባቷ ሲቀልድ መንጋጋው ግጥም እንደሚል፣ ግንባሩ በላብ እንደሚርስ አይታለች፤ የሳቅ ብዛት መስሏት አለፈችው። ጥርስ ባዳ ነው ሲባል ሳትሰማ ቀርታ አይደለም።

አንድ እሁድ ሻይ ተደፋበትና ኮቱን አውልቃ ልትጠርግለት ገለበጠችው። የሚለጠፈው መድኃኒት ገበሩ ላይ፣ ከውስጥ ኪሱ ዝቅ ብሎ፣ በባለሙያ እጅ ልጥፍ ብሏል። ኮቱን ይዛ ጓዳ ገባች።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

እናቷ አንገቷን ደፋች። «ቅዳሜ ጠዋት ከደረቱ ያነሳዋል፤ ድንዛዜው እስኪለቀው አንድ ቀን ይፈጃል። ‹ልጄ ተኝቼ እንዳታገኘኝ፤ እሁዴን አትቀሚኝ› ብሎ አስምሎኝ ነው።»

«ታዲያ እያመመው ዝም ብለሽ ታዪዋለሽ?»

«አንቺስ እየሳቅሽ አይደል ስታዪው የከረምሽው?»

መናደድ ፈልጋ ነበር፤ ንዴቱም አልመጣላት አለ። የሆስፒታሉ ነርስ እንዳሳየቻቸው አሮጌውን ከገበሩ አንስታ አጣጥፋ ጣለች፤ ወደ አባቷ ተመልሳ ደረቱን ጠርጋ አደረቀች፤ አዲሱን ለጥፋ በመዳፏ ተጭናው ቆየች።

«አሁን እኮ እተኛብሻለሁ» አላት።

«ተኛ አባባ። ቀልዱን ለኔ ተወው።»

በሳምንቱ ስትመጣ ኮቱ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እሱ እንቅልፍ ወስዶታል። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሌላ ስለማታውቅ የሱሪውን ቀልድ ጀመረችለት። አልሆነላትም፤ መሃሉን ዘለለችው፣ መጨረሻውን አስቀደመችው። የሳቀ የለም። እጇን መንጋጋው ላይ አሳረፈች። ላላ ብሏል፤ ትንፋሹ መዳፏን ያሞቀዋል።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችለት።