የአማቱ ረግረግ

የከተማው የተፈጥሮ ሀብትና የክፍት ቦታዎች ጥበቃ ፕላን ሲከለስ ፕላነሩን እንቅልፍ የነሳው ደኑም ወንዙም አልነበረም። ከአማቱ ቤት ጀርባ ያለው ሜዳ ነበር። እሱና ሚስቱ የሚኖሩት አማቱ ዘንድ ነው፤ ልጁ «ወፌ ቆመች» የተባለላት እዚያ ሜዳ ላይ ነው፤ የሰፈሩ ልብስ የሚሰጣውም እዚያው። ረቂቁ ላይ ሜዳው «የመኪና ማቆሚያ» ተብሎ በግራጫ ሲቀባ አንጀቱ እርር አለ።

ግራጫውን ያስቀባው የመምሪያው ኃላፊ ነው። ቢሮ ውስጥ፣ በሌለበት፣ «አስፋልት» ይሉታል። ባዶ መሬት ካየ እጁን ይበላዋል።

አማቱ ወሬውን የሰሙ ዕለት አልጮኹም። እሳቸው ሲቆጡ የሚቀንሰው የአማቻቸው ራት ነው።

«ለመሆኑ እዚያ ቢሮ ምን ትሠራለህ?» አሉት፣ ጭልፋውን አጋማሽ ላይ እየመለሱ።

«ደንቡ እኮ አያሠራኝም እማዬ። በበጋ ውሃ የማይደርቅበት መሬት ቢሆን አስፋልትም ጫፉን አይነካው። ይሄ ግን ደረቅ ሜዳ ነው።»

«በበጋ የማይደርቅ…» አሉና ሳህኑን ሞሉለት።

ይህን ጊዜ መጠርጠር ነበረበት። ግን ርቦት ነበር። በማግስቱ የጓሮውን በር «ንፋስ ገባ» ብለው በቁም ሳጥን ሲዘጉትም አልጠረጠረም፤ እንዲያውም ሲገፉ አገዛቸው። ጎረቤቶቹ በየቀኑ ሳፋ ተሸክመው ወደ አማቱ አጥር ሲመላለሱም «ንጹሕ ሰፈር!» ብሎ አለፈ።

በጋው ሊያልቅ ሲል ሦስት ሆነው ለመስክ ምልከታ ወጡ፤ ኃላፊው የሚያብረቀርቅ ጫማውን አድርጎ፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዋ ቦቲዋን ተጫምታ፣ ፕላነሩ ደግሞ ለቅሶ እንደሚሄድ ሰው አንገቱን ደፍቶ። በጎን መንገድ ዞረው ሜዳው ጋ ሲደርሱ ኃላፊው ቀድሞ ገባና እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ።

ሜዳው ረግረግ ሆኗል። ሳሩ ለምልሟል፤ እንቁራሪት ይንጫጫል፤ ረጅም እግር ያላት ወፍ መሃሉ ላይ ቆማ ኃላፊውን ከላይ እስከ ታች ታየዋለች። ባለሙያዋ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

ፕላነሩም ሊደሰት ነበር። ከዚያ ከእግሩ ሥር ጭቃው ውስጥ አንድ ነገር አየ። ባለ መስመር ካልሲ ነው። የራሱ ካልሲ፣ ሚስቱን «የት ጣልሽው?» እያለ ሲነዘንዛት የከረመው።

ክው አለ። ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባው፤ ቁም ሳጥኑ፣ የሞላው ሳህን፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ድንገት ልብስ አጣቢ መሆናቸው። እግሩን አንስቶ ካልሲው ላይ ቆመ፤ ምልከታው እስኪያልቅም ንቅንቅ አላለም።

«አንተ ምነው ተተከልክ?» አለው ኃላፊው፣ ጫማውን ከጭቃው እየጎተተ።

«ወፏ እንዳትበር ብዬ ነው።»

አማቱ አጥሩ ጋ ባዶ ሳፋ ታቅፈው ቆመው ነበር። «ድሮም እንዲሁ ነበር ልጆቼ፣ አይደርቅም» አሉ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ።

ማታ ሲያፋጥጣቸው ጭራሽ ተቆጡ። «ሳሙና ያለውን ወደ ቱቦ ነው የደፋነው። ሜዳው ላይ የፈሰሰው የመጨረሻው እጣቢ ብቻ ነው። እንቁራሪቱን እኔ አላመጣሁት፤ ፈልጎ ነው የመጣው።»

ፕላኑ ጸደቀ። ሜዳው አረንጓዴ ተቀባ። ባለሙያዋም ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባች፤ የረግረጉ የውሃ ምንጭ በማናቸውም ምክንያት እንዳይቋረጥ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ የፈላው። ፕላኑ ከጸደቀ ወዲህ ጎረቤቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ልብሳቸውን ማሽን ላለው ላውንደሪ መስጠት ጀመሩ። አማቱም ወገባቸውን ይዘው ወንበር ላይ ተደላደሉ። «እኔ የድርሻዬን ተወጥቻለሁ» አሉት። «ፕላኑ ላይ የፈረምከው አንተ ነህ።»

እናም አንድ ቅዳሜ ፕላነሩ እጅጌውን ሰብስቦ፣ እስከ ክርኑ አረፋ ውስጥ ገብቶ አንሶላ ሲያሽ፣ ከአጥሩ ማዶ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ኃላፊው ነው፤ በእጁ አበጥ ያለ ፌስታል ይዟል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

ፕላነሩ አንሶላውን አረፋው ውስጥ ደፈቀ። እንጀራው በዚህ ሰውዬ እጅ ነው። «ፕላን… እያስፈጸምኩ ነው» አለ።

ኃላፊው ረግረጉን አየ፤ ሳፋውን አየ። «የዚያን ቀን የቆምክበትን ካልሲ አይቼዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ጊዜ ባወራ ኖሮ ምን ይባል ነበር? አስፋልት በእጣቢ ተሸነፈ ነው የሚባለው። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝምታ ግን በነፃ አይሆንም።»

ፌስታሉን በአጥሩ ላይ አሳልፎ ሰጠው። ሸሚዞች ናቸው፣ ሁሉም ነጭ።

«የውሃ ምንጩ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው» አለና ፉጨቱን እያፏጨ ሄደ።

ፕላነሩ ሸሚዞቹን ታቅፎ ወደ ሳፋው ተመለሰ። አማቱ ከወንበራቸው ሳይነሱ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ተመለከቱ።

«ኮሌታውን ጠበቅ አድርገህ እሸው» አሉት።