የሌኒ ጥድፊያ

ዶሎሬስ ዛሬምባ የባንዳቸውን አልበም የሙከራ ሸክላ ይዛ አክስቷ ያድቪጋ ቤት ስትደርስ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ነበር። በማግስቱ ጾም ስለሚገባ፣ የመኪና ፋብሪካ ከተማ በሆነችው ሐምትራምክ የሚኖር ፖላንዳዊ ሁሉ በዘይት የተጠበሰና ማርማላታ የገባበት፣ ፖንችኪ የሚባል ቦምቦሊኖ እየበላ ነበር።

የባንዱ ድራመር፣ የአክስቷ ልጅ ሌኒ፣ ሸክላውን ከእጇ ነጠቃት። ዶሎሬስ ግን ያልነገረችው ነገር ነበራት።

ሌኒ ድራም ሲመታ ይቸኩላል። ቀን መኪና ፋብሪካ ነው የሚውለው፤ ዘፈኑም እንደ ፋብሪካው የመገጣጠሚያ መስመር ጥሎት የሚሄድ ይመስለዋል። በእርምጃ የጀመሩትን ዘፈን በሩጫ ይጨርሱታል፤ ሌሎቹ ከኋላው ያሳድዱታል። አዳራሽ ውስጥ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው ለዚህ ነበር። የስቱዲዮው ኃላፊ ግን፣ «ይሄ ልጅ ምት አይጠብቅም። ወይ ይቀየር፣ ወይ አልበሙ ይቅር» አለ። ባንዱ ነገር የሚቆርጠው እጅ በማውጣት ነው፤ ሌኒ ይቀየር ሲባል ዘፋኙ እጁን አወጣ፤ ቤዝ ተጫዋቹ አወጣ፤ ጊታሪስቷ ዶሎሬስም አወጣች። ሌኒ ፋብሪካ ሳለ ዘፈኖቹን ሁሉ ከቅጥር ድራመር ጋር ደግመው ቀዱ። የስቱዲዮው ዘበኛ ሳይቀር ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እሷ ልትነግረው ዛሬ ነገ ስትል ከረመች፤ በኋላም በጊታሩ ጩኸት መሃል አይለየውም ብላ ራሷን አሳመነች።

ሸክላው መዞር ጀመረ። ሌኒ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል፤ ጣቱ ሸክላው ላይ ካለው ድራም እየቀደመ ሄደ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ እጁን ሰበሰበ።

«እንዲህ ረጋ ማለት ትችላለህ እንዴ?» አሉ ጎረቤታቸው ግራብስኪ። «እኔ እኮ ፖሊስ የሚያባርርህ ነበር የሚመስለኝ።»

«እንደ ሰዓት!» አለች ያድቪጋ። «አንተ ነህ አይደል፣ ልጄ?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

ከዚያ ወደ ዶሎሬስ ዘንበል አለ። «እነሱስ ይሁኑ። አንቺም እጅሽን አወጣሽ?»

«አወጣሁ።»

ሸክላው እስኪያልቅ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ልምምድ አልመጣም። የአልበሙ ሽፋን ቀድሞ ታትሞ ስለነበር የሌኒ ፎቶ እንዳለ ቀረ።

ከሰባት ዓመት በኋላ ዶሎሬስ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ወጣቶቹ ፓንክ የሚሉትን፣ ከኒውዮርክና ከለንደን የመጣ ጥድፊያና ጩኸት የበዛበት ሸክላ ይሻማሉ። አንዲት ጸጉሯን አረንጓዴ የቀባች ልጅ የዶሎሬስን አልበም አነሳችና ሽፋኑ ላይ ያለውን ፎቶ ከእሷ ጋር አስተያየች።

«ይሄ የዚህ ሁሉ አያት ነው ይላሉ» አለች። «ወንድሜ አዳራሽ አይቷችኋል፤ እሳት ነበሩ ይላል። እዚህ ላይ ግን ምን አንቀላፋችሁ?»

ዶሎሬስ አልበሙን ተቀብላ ወደ መደርደሪያው መለሰችው። ልጅቷ እንደወጣች ሌኒ ጋ ደወለች፤ ሰላምታም ሳትሰጥ ከአዲሶቹ ሸክላዎች አንዱን ከፍታ የስልኩን እጀታ ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋች። ዘፈኑ ቶሎ አለቀ።

«ድራመሩ ይቸኩላል» አለ ሌኒ።

«አዎ።»

«ማንም አልቀየረውም?»

«አልቀየሩትም።»

«ጓደኞች አሉት ማለት ነው።»

«ሌኒ፣ ቅዳሜ ናና እንጫወት። ሁለታችን ብቻ።»

 «ቅዳሜ ፈረቃ አለኝ» አላት።

ፋብሪካው ቅዳሜ ዝግ ነው። ዶሎሬስም ይህን ታውቃለች። «እሺ፣ ሌላ ጊዜ» አለችው።