ለሜሳ የመረጠው አውራ

«ውረድ! ውረድ ብያለሁ አንተ ርኩስ!»

ለሜሳ ዱላውን አንስቶ አውራውን በግ ጀርባው ላይ አቀመሰው። አውራው ግን ከመጤፍም አልቆጠረው። ጥቁሩን ጠቦት ከኋላው በፊት እግሮቹ ጨምድዶ፣ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ሥራውን ቀጠለ። ጠቦቱም ቢሆን የሚሸሽ አይደለም፤ ጭድ እያላመጠ ዝም ብሎ ቆሟል። ዙሪያቸውን ሠላሳ ሴት በጎች አሉ። ሰባቱ ስሪያ ፈልገዋል፤ ጭራቸውን እየቆሉ ይጠጉታል፣ አፍንጫው ሥር ይቆማሉ። እሱ እቴ! ዞር ብሎም አላያቸው።

«ኧረ በሕግ!» አለች ከአጥሩ ውጪ የቆመችው ጓድ ደሳለች። የቀበሌዎች የበላይ ከሆነው ከፍተኛው ለቁጥጥር የተላከች ካድሬ ናት። መሐረቧን አውጥታ አፍንጫዋን ሸፈነች። «ምንድን ነው ይሄ የማየው?»

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ መሸሻ አጠገቧ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

«እ... ማለቴ፣ ይላፋሉ ጓድ ደሳለች። እንስሳ አይደሉ?»

«ይሄ ነው መላፋት?» ምራቋን እንትፍ አለች። «በኅዳር ሠላሳዎቹም አርግዘዋል ብለህ ሪፖርት አላደረግክም? አንተ፣ ጠባቂው! ስንቷ ናት ያረገዘችው?»

ለሜሳ ሊቀመንበሩን አየ። ሊቀመንበሩ በዓይኑ ይለምነዋል። ግን የበግ ሆድ በምን ይደበቃል?

«አንድም የለችም» አለ።

የካቲት ነበር፣ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት። ጓድ መሸሻ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ቀበሌያችን ሠላሳ የሰቡ ጠቦቶች ያቀርባል ብሎ በአደባባይ ቃል ገብቷል። በጎቹ ከጉለሌ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር በተሠራ በረት ውስጥ ከጥቅምት ጀምሮ ይቀለባሉ። አሁን ከየት ይምጣ ጠቦት?

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢሮ እጠብቃለሁ» አለች ጓድ ደሳለች። «ይሄ ስንፍና ነው ወይስ አሻጥር? ጥፋተኛው በጽሑፍ ይቅረብልኝ።»

አሻጥር የሚለው ቃል ለለሜሳ አዲስ አይደለም። ባለፈው ዓመት የኅብረት ሱቁ ሠራተኛ አንድ ጀሪካን ዘይት ቢደፋ፣ አሻጥር ነው ተብሎ ተወሰደ። እስከ ዛሬ ወሬው የለም። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ያልሄደችበት እስር ቤት የለም።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ለሜሳ አውራውን ከጠቦቱ ላይ ጎትቶ አወረደና ግንድ ላይ አሰረው። ሲያየው ይቀፈዋል። ኀምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ በበግ መሐል ነው ያደገው፤ እንዲህ ያለውን ነገር እያየ እንዳላየ ሲያልፍ ኖሯል። አሁን ማለፊያ የለም። ከሁሉ ያንገበገበው ደግሞ ያን ከይሲ ጎትቶ ያመጣው ራሱ መሆኑ ነው።

በጥቅምት ወደ መንግሥት እርባታ ጣቢያ ሄደህ አውራ ምረጥ ተብሎ ተላከ። ጣቢያው ውስጥ አውራዎቹ ለብቻቸው ነው የሚታጎሩት። ለሜሳ እንደማንኛውም ዐዋቂ ጥርስ አየ፣ ጀርባ ዳበሰ፣ የዘር ፍሬ መዘነ። ልቡን የወሰደው ግን ሌላ ነገር ነው። ይሄ ቡናማ አውራ ሌሎቹን አውራዎች ተራ በተራ እየሰረረ መቆሚያ መቀመጫ ሲያሳጣቸው አየ። «ሴት ሳያገኝ እንዲህ የሆነ፣ ሴት ቢያገኝማ ማን ይችለዋል! ወንድ ማለት ይሄ ነው!» ብሎ አጨበጨበ። የጣቢያው ሠራተኛ ሌላም እይ ቢለው አሻፈረኝ አለ። አምጥቶም ሰፈር ለሰፈር ጉራውን ነፋ። ሞኝ! የሞኝ ሞኝ!

ጓድ መሸሻ ብዙም ሳይቆይ ብቻውን ተመልሶ መጣ። ለሜሳን ጭድ ማከማቻው ውስጥ አስገብቶ በሩን ገፋ አደረገና ከኪሱ የተጻፈ ወረቀት አወጣ።

«በቃ፣ ተገላገልን። ፈርምልኝ።»

ለሜሳ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አነበበ። ረዳት ጠባቂው ዓምሃ ሆን ብሎ ለአውራው መድኃኒት አጠጥቶ ከተፈጥሮው እንዳወጣው፣ ጠቦት አስገብቶም ክፉ ልማድ እንዳስተማረው፣ ለዚህም ዋና ጠባቂው ለሜሳ የዓይን ምስክር እንደሆነ ይላል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መድኃኒቱ እኮ የትል ነው። በጎቹ ሁሉ ጠጥተዋል።»

«አንተ ሐኪም ነህ? ጠቦቱን ማን አስገባ?»

«እሱ ነው። አውራው ሌላ ወንድ ሲያይ ቀንቶ ወደ ሴቶቹ ይሄዳል ብሎ ነው እንጂ...»

«ተወኝ እባክህ! ደግሞ ዓምሃን እስቲ አስበው። ዐርባ ሊሞላው ነው፤ ሚስት የለው፣ ውሽማ የለው። ከዚያ አናጢ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሲኖር ስንት ዓመቱ ነው? አውራው ማንን አይቶ የተማረ ይመስልሃል?» ጓድ መሸሻ ከት ብሎ ሳቀ።

ለሜሳ አልሳቀም። ስለ ዓምሃና ስለ አናጢው የሚወራውን ሰምቷል። እውነት ይሁን ውሸት አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም፤ ማሰቡ ራሱ ይቀፈዋል። ይሄ ሳቅ ግን የባሰ ቀፈፈው። ፋንድያ የረገጠ ሰው እግሩን ታጥቦ ይገላገላል። እዚህ ወረቀት ላይ ስሙን ካኖረ በኋላ ምኑን ይታጠባል?

«እምቢ ብልስ?» አለ ቀስ ብሎ።

የሊቀመንበሩ ሳቅ ተቆረጠ። «ያ የጴንጤ ጸሎት ቤታችሁ ሲታሸግ ያንተን ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ማን ያወጣው ይመስልሃል? ያወጣሁትን መመለስ አያቅተኝም። ልጆችህን እንዳታስለቅስ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮ እንገናኝ።»

ለሜሳ ሲወጣ ዓምሃ ቁጢጥ ብሎ የጥቁሩን ጠቦት ጀርባ በጨው ውኃ እያጠበ ነበር። የአውራው ኮቴ ልጦታል።

«ጋሽ ለሜሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጠቦቱን ማስገባት አልነበረብኝም። ጓድ መሸሻ ከጠየቀ የኔ ሐሳብ ነው ይበሉት።»

«አንተ ደግሞ ለምን አፍህን አትዘጋም!» ለሜሳ ጮኸበት። የሚጮኸው በማን ላይ እንደሆነ ራሱም አላወቀው። «ይሄን ነውረኛ አውራ ምን ነካው? እስቲ ንገረኝ፣ ምን ነካው?»

«ምንም አልነካውም። እኛ አገር በየመንጋው እንዲህ ያለ አንድ ሁለት አይጠፋም። ማንም አያስተምረውም፣ ቢደበድቡትም አይተውም። ሲፈጠር እንዲያ ነው። ያደልቡታል፣ ለበዓል ይታረዳል፤ ሥጋው እንደሆነ ያው ሥጋ ነው።»

«ታዲያ ይሄን ካወቅክ በጊዜ አትነግረኝም ነበር?»

ዓምሃ ጨርቁን ጨመቀና ቀና ብሎ አየው። «በኅዳር ነግሬዎት ነበር እኮ። "የመረጥኩትን አውራ ልታሳንስብኝ ነው" ብለው ስድስት ቀን አኮረፉኝ።»

እውነት ነው፤ ነግሮታል። ዓምሃ አንገቱን ደፍቶ ማጠቡን ቀጠለ። ቢሮ ምን እንደተጻፈበት ምንም አያውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ መጥቶ ዓምሃን ይዞት ወረደ። ለሜሳ ከኋላ ተከተለ። ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን እያሰበ ነው የወረደው። ከአንድ ጣት በማትበልጥ ፊርማ ቤቱ ሰላም ያድራል። ፈርሞ ቢገላገልስ? ዓምሃ ምኑ ነው? ወንድሙ አይደል፣ አማቹ አይደል። ይህን እያለ ቢሮው ደረሰ።

ጓድ ደሳለች ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጣለች። ጓድ መሸሻ ወረቀቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ክፉ ልማድ አስተምሮታል» የሚለው ላይ ሲደርስ ጥበቃው ፈገግ አለ። በሩ ላይ የቆመው ዓምሃ መጀመሪያ ያልገባው መሰለ፤ ሲገባው ከንፈሩ ደረቀ። ለሜሳን አየው። አልለመነውም።

«ምስክሩ አንተ ነህ?» አለች ጓድ ደሳለች። «ና ፈርም።»

ለሜሳ እስክሪብቶውን ያዘ። ጠዋት አውራው የቀፈፈውን ያህል አሁን ወረቀቱ ቀፈፈው።

«ጓድ ደሳለች፣ ይሄ ውሸት ነው» አለ።

«ለሜሳ!» አለ መሸሻ።

«ዓምሃ ያስተማረው ነገር የለም። በጉ ከጣቢያው ሲመጣም እንዲሁ ነበር። የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዓምሃ በኅዳር ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።»

«ሲመጣም እንዲሁ እንደነበር በምን አወቅክ?»

ለሜሳ ፊቱ ጋለ። እንዲህ ያለ ቃል በሰው ፊት፣ ያውም በሴት ፊት፣ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሚስቱ ፊት እንኳ በግ ሰረረ አይልም፣ «ተገናኘ» ነው የሚለው። ጥበቃው ሊስቅ አሰፍስፏል።

«በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለ። «ወንዶቹን ሲሰርር። ደስ ብሎኝ ነው የመረጥኩት። ጉልበት መስሎኝ ነበር።»

ጥበቃው ሳቀ። ጓድ ደሳለች አልሳቀችም።

«የተናገርከውን ትጽፈዋለህ? ብትጽፍ ተጠያቂው አንተ ነህ። ዛሬ ቤትህ አትገባም።»

ለሜሳ ወረቀቱን ገለበጠው። ባዶው ጀርባ ላይ በዝግታ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለየ፣ ወንዶቹን ሲሰርር አይቼ የመረጥኩት እኔ ነኝ ብሎ ጻፈ። ሌላ ለሜሳ የሚባል ሰው ላይ እንዳይሳሳቱ ብሎ የአባቱንና የአያቱን ስም ጨመረበት።