ቀጥአርጌና መስመር ገፊው

ቀጥአርጌ ያን ቀን ሥራ የገባው ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ነው። የቢሮው ባለቤት ታናሽ እህቱ ናት። ትናንት ሲወጡ በሩ ላይ ያዝ አደረገችውና፣ “ጋሼ፣ የዳቦ ቤቷ ባለቤት ነገ ልታይ ትመጣለች። የዳቦ ማዘዣ ፕሮግራምህ ከሠራ ራስህ ታሳያታለህ። እንቢ ካለ ግን ዲግሪው የድሮውን ፕሮግራም ያሳያታል” አለችው።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እስከዛሬ ማገዶውን ቀጥአርጌ ይፈልጣል፣ እሳቱን ዲግሪው የሚሉት ባልደረባው ይሞቃል። እንግዳ ሲመጣ ቀጥአርጌ ወደ ጓዳ፣ ዲግሪው ወደ ሳሎን። ለምን? ቀጥአርጌ የተማረው በአጭር ኮርስ ነዋ! ዲግሪው ግን ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሏል፤ ምስማሩን እንኳ የገዛው ቢሮው ነው።

ቀጥአርጌ የተባለውም በከንቱ አይደለም። የኮድ መስመሮቹን ስፔስ እየመታ በእጁ ነው የሚያሰልፋቸው። ሌላው ሰው ኮድ ይጽፋል፣ እሱ ወታደር ያሰልፋል። ዛሬ ግን ሰልፉ አልታዘዝ አለው። ኢንተር ሲመታ አዲሱ መስመር ወደ ቀኝ ገባ ይላል። ይመልሰዋል። ኢንተር ሲደግም፣ መስመሩም መግባቱን ይደግማል።

“ማነው ኮምፒውተሬን የነካው?”

“ማንም” አለ ዲግሪው፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

“ማንም እጅ የለውም! ይሄን አዲስ የኮድ መጻፊያ የጫንክብኝ አንተ ነህ። መስመሬን እንዲገፋ ነግረኸዋል።”

“ኧረ ጋሼ፣ እሱ ቂም አያውቅም። ጽሑፉን ከላይ ጀምሮ ያነባል። ቅንፍ ስትከፍት አንድ እርምጃ ይገባል፣ ስትዘጋ አንድ እርምጃ ይወጣል። አልወጣም ካለ ያልዘጋኸው አለ ማለት ነው።”

“ቆጥሬያለሁ! የከፈትኩትና የዘጋሁት እኩል ነው።” በእርግጥም ቆጥሯል፤ ስክሪኑ በጣቱ አሻራ ተዥጎርጉሯል።

“እንግዲህ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ።”

“እኔን ውሸታም ከምትል ምላስህን ብትቆርጠው!”

ቀጥአርጌ በእልህ ከመሃል እስከ ታች ያለውን ሁሉ ስፔስ እየደመሰሰ ወደ ግራ መለሰው። ሲያልቅ ኮዱ እንደ ሙሽራ ጥርስ አማረ። ፕሮግራሙን አስነሳው። አልተነሳም፤ ቀይ መልእክት ብቻ ተፋበት። ኮምፒውተር የሚያየው ቅንፉን እንጂ ቁመናውን አይደለማ።

እህቱ በበሩ ብቅ አለች። “ጋሼ፣ ሴትዮዋ መንገድ ላይ ናት። እንዴት ነው?”

“ደርሷል” አለ፤ ምኑም አልደረሰም።

ፊቱን ወደ ዲግሪው መለሰ። ይሄ ሰው አንድ ጊዜ እንግዳ ፊት “እሱ ታይፒስታችን ነው” ብሎታል። ታይፒስት! አሁን እሱኑ ሊለምን ነው። ካልለመነ ደግሞ ሳሎኑ የዲግሪው፣ ጓዳው የሱ ሆኖ ሊቀር ነው።

“እስቲ… ና እይልኝ።”

ዲግሪው ወንበሩን ስቦ መጣ። ጠቋሚዋን መዝጊያ ቅንፎቹ ላይ በየተራ ሲያሳርፋት፣ የእያንዳንዱ ጥንድ መክፈቻ ቦግ ይላል። አንዷ ላይ ሲደርስ ግን ምንም አልበራም።

“ይቺስ? ‘ዳቦዎን ይምረጡ’ ከሚለው ጫፍ ላይ ያለችው?”

“ጌጥ ናት። ጽሑፉ ራቁቱን እንዳይሆን ብዬ።”

“ጌጥህ ናታ ያሳሳተችህ! በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለውን ሁሉ እሱ እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የሚያልፈው። አንተ ቆጠርካት፣ እሱ አልቆጠራትም። ስለዚህ አንድ እውነተኛ መዝጊያ ጎድሏል።” ወደ ላይ ወጣ፣ ፈለገ፣ ቆመ። “እዚህ ጋ የኔ ሦስት መስመሮች ነበሩ።”

“ነበሩ።”

“የት ገቡ?”

“አጠፋኋቸው። በኔ ፋይል ውስጥ ማን ግባ አለህ?”

“ፕሮግራሙ ባዶ የዳቦ ትእዛዝ እንዳይቀበል ብዬ ነዋ። አረም ነቀልኩ ብለህ ጎመኑን ነቀልከው ጋሼ፤ የራስህ መዝጊያ አብራ ሄዳለች።”

ቀጥአርጌ ፊቱ ጋለ። መዝጊያዋን መታት፤ “አሰልፍ” የምትለውን ትእዛዝም ነካ። መስመሮቹ ስፔስ የመታ ሳይኖር እየተንሸራተቱ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ፕሮግራሙ ተነሳ። ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ከዚያ የዲግሪውን ሦስት መስመሮች መልሶ አስገባ።

“ታይፒስት ያልከኝን ግን አልረሳሁም።”

“መቼ?”

“መቼ ይለኛል! በዳይ ይረሳል።”

የዳቦ ቤቷ ባለቤት ደረጃው አስለክልኳት ገባች። ቀጥአርጌ ሳሎን ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ አሳያት፤ ዳቦ አዘዘ፣ ሰረዘ፣ ሒሳቡን አወጣ። እህቱ ከጀርባው ትንፋሿን ይዛ ቆማለች።

“ታዲያ ልጄ፣ ከስልኬ ላይ ሆኜም አየዋለሁ?” አለች ሴትዮዋ።

አያውቀውም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ነገር ፈጥሮ ይናገር ነበር።

“እሱን ይሄ ልጅ ያስረዳዎት” አለና ወደ ዲግሪው ጠቆመ።

ዲግሪው ቆሞ አስረዳ፤ ቀጥአርጌ ተቀምጦ ሰማ። ሲያልቅ ሴትዮዋ ወደ ተቀመጠው ዞረች።

“ታዲያ መቼ ትጀምሩልኛላችሁ?”

“ነገ” አለ ቀጥአርጌ፣ እህቱን እንኳ ሳያይ።