ጭረትና ጥቁሩ መስኮት

ካቻቢቴ ይዤ ጎረቤቴን ላስወጣ የሄድኩበትን ቀን ሳስታውስ እስካሁን ፊቴን ይሞቀኛል። በርግጥ "እሷን አስወጣ" ያለኝ የለም። የጤና ጣቢያው ዳይሬክተር ያለኝ "የካርድ ክፍሉን መደርደሪያ ፍታልኝ፣ ክፍሉ ሊዘጋ ነው" ብቻ ነው። እኔ አናጢ ነኝ፤ ፍታ ሲሉኝ እፈታለሁ፣ ግጠም ሲሉኝ እገጥማለሁ። መደርደሪያው ሥር አስራ ስምንት ዓመት የተቀመጠችው ግን ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት።

ሰፈሩ "ጭረት" ይላታል። ድሮ የምትሠራባት የጽሕፈት መኪና የኮማዋ ቁልፍ ተሰብሮ ነበር። ስለዚህ የታካሚውን ቁጥር ከስሙ፣ ስሙን ከልደት ቀኑ፣ ልደቱን ከስልኩ የምትለየው በጋደለች ጭረት ነበር። በኋላ ኮምፒውተር መጣላት። የኮምፒውተሩ ኮማ ደህና ነው፤ እጇ ግን አለመደውም። ሱቅ ይዛ የምትሄደው ወረቀት ላይ እንኳ "ስኳር/ሳሙና/ክብሪት" ብላ ነው የምትጽፈው።

ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ የኮምፒውተር ባለሙያ ክራቫቱን አላልቶ ጠረጴዛዋ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሟል። እኔ መደርደሪያውን የምለካ መስዬ ጎንበስ አልኩና ነገሩን ከአፋቸው ለቃቀምኩት። አዲስ ሲስተም መጥቷል። ሲስተሙ የታካሚዎችን ዝርዝር የሚቀበለው በመካከሉ ኮማ ካለ፣ የልደት ቀኑም ከዓመት ከጀመረ ብቻ ነው። የጭረት ዝርዝር ሁለቱንም አያውቅም። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካልገባ ሥራው ውጭ ላለ ድርጅት ይሰጣል፤ ሦስት ሰዎች ሦስት ወር ሙሉ እንደ አዲስ ይተይቡታል። ክፍሉ ይዘጋል። ጭረት ደግሞ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብታ አካፋና ባልዲ ትጠብቃለች።

"አስራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሁለት መስመር ነው፣ እናቴ" አላት ባለሙያው። "በሁለት ሰዓት ውስጥ በእጅ አይታረምም።"

"በእጅ ማን አለ? ደግሞ እናትህ ብሆን ኖሮ ጠረጴዛ ላይ አለመቀመጥን አስቀድሜ አስተምርህ ነበር።"

ሰውየው ተነሣ። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተም ያን ነገር ኪስህ ክተት። እስከ አስራ አንድ ሰዓት አንዲት ብሎን እንዳትነካ።"

"ኧረ እኔ ምን አገባኝ፣ ልለካ ነው እንጂ" አልኩ። ውሸቴን ነው። ጎንበስ ባልኩበት አንዷን አላልቻት ነበር።

ጭረት ኮምፒውተሯ ላይ ጥቁር መስኮት ከፈተች። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፤ ጥቁር ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ነው። ምሳ ሰዓት እየቀረች ከአንድ የተገነጣጠለ መጽሐፍ ስትማረው ሁለት ዓመት ሆኗታል። እኔ በመስኮት ሳልፍ ሳይ ኮምፒውተሩ የተበላሸባት እየመሰለኝ አዝንላት ነበር። ለካ እዚያ መስኮት ላይ በቃል ይታዘዛል፤ ይህን አሳየኝ፣ ያንን ለውጥ ይሉታል፣ ያደርገዋል።

አንድ መስመር ጻፈች። "ጭረቱን ሁሉ በኮማ ተካና አሳየኝ" ማለት ነው አለችን። ኢንተር የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። ዝርዝሩ ከመጋዝ ሥር እንደሚወርድ ሰጋቱራ ተንዠቀዠቀ።

"አለቀ?" አለ ዳይሬክተሩ።

ባለሙያው ወደ ስክሪኑ አንገቱን አስግጎ ፈገግ አለ። "የት አልቆ! ልደቱንም በጭረት ነበር እኮ የሚጽፉት። አሁን ቀኑ ለብቻው፣ ወሩ ለብቻው፣ ዓመቱም ለብቻው ሄደ። ዝርዝሩን አበላሹት።"

ዳይሬክተሩ ከንፈሩን መጠጠና እኔን አየኝ። እጄ ወደ ኪሴ ሄደች።

"የተበላሸ ነገር የለም" አለች ጭረት፣ ዞርም ሳትል። "አሳየኝ አልኩት እንጂ አስቀምጥ አላልኩትም። ዋናው ፋይል እንደተኛ ነው።" ከዚያ ለእኔ፦ "አንተ ጣውላ ከመቁረጥህ በፊት በእርሳስ ታሰምር የለ? ያሁኑ በእርሳስ ነው። መጋዙ ገና አልተነሣም።"

ያኔ ገባኝ። ባለሙያውም የገባው መሰለኝ፤ ያላላውን ክራቫት መልሶ አጠበቀ።

አገጯን በእጇ ደግፋ ስክሪኑን አየች። "ስህተቱ የእኔ ነው" አለች። "የኋላውን አስቀድሜ ነው። መጀመሪያ ልደቱን ማዳን ነበረብኝ።" እየጻፈችም ለሠራተኛ እንደምታስረዳ ሁሉ ድምፅ አውጥታ ታወራው ጀመር፦ "አንድ ወይ ሁለት አሃዝ፣ ጭረት፣ እንደገና አንድ ወይ ሁለት አሃዝ፣ ጭረት፣ ከዚያ አራት አሃዝ ስታገኝ እሱ ልደት ነው፣ እንዳትሰባብርብኝ። ገልብጠህ ዓመቱን አስቀድም፣ በመካከሉ ሰረዝ አድርግ። ያን ከጨረስክ በኋላ የተረፈውን ጭረት ኮማ አድርገው። አስር መስመር ብቻ አሳየኝ።"

አስሩ መስመር ወጣ። ልደቱ ሙሉ፣ ኮማው ኮማ። ባለሙያው በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ጭረት ውጤቱን በሌላ ስም አስቀመጠች፤ የመስመሩንም ብዛት አስቆጠረች። አስራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ገብቶ ያው ወጥቷል። ወደ አዲሱ ሲስተም ላከችው።

ሲስተሙ ቀይ ጽሑፍ አወጣ። አንድ መስመር ልደት የለውም፣ እሱ ካልተስተካከለ ዝርዝሩን በሙሉ አልቀበልም ይላል። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው።

"ልደት የሌለውን መስመር ብቻ አሳየኝ" ብላ ጥቁሩን መስኮት አዘዘችው። አሳየ። የማን ይሁን? የእኔ። ልደት በሚገባበት ቦታ "በኋላ እነግርሻለሁ ብሏል" ተብሎ ተጽፏል።

የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። ካርድ ሳወጣ ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። እኔ ደግሞ ስንጋባ ከዕድሜዬ ስድስት ዓመት ቀንሼ ነበር የነገርኳት። ምን ልበል?

"በኋላው ደርሷል" አለች ጭረት።

"እዚህ ሁሉ ሰው ፊት?"

"አስራ ሁለት ደቂቃ አለህ። ሳትቀንስ ንገረኝ።"

ዳይሬክተሩም ባለሙያውም አፈጠጡብኝ። ዝም ብል እሷ ባልዲ ልትጠብቅ ነው፤ ያውም በእኔ ጦስ። ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብዬ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ተናገርኩ። ጣቶቿ ቆሙ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"ይኼን ሁሉ?"

"ዝም ብለሽ ጻፊው።"

ጻፈችው፤ ላከችው። ሲስተሙ ትንሽ አሰበና አረንጓዴ ሆነ። አስራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ታካሚዎች ገብተዋል። ሰዓቱ ለአስራ አንድ ስድስት ጉዳይ ነው። ባለሙያው ሁለት ጊዜ አነበበውና ከደረት ኪሱ ማስታወሻ አወጣ።

"ያቺን መስመር ቢያጽፉኝ?"

"አጽፍሃለሁ" አለች። "ወንበር ስበህ ተቀመጥ።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "መደርደሪያው ባለበት ይቆይ" አለኝ፣ ድሮም ሐሳቡ የእሱ እንደነበረ ሁሉ።

"ይቆያል እንጂ" አለች ጭረት። "ከታች በግራ በኩል ያላላሃትን ብሎን ግን አጥብቀህ ሂድ።"

ለካ ስታየኝ ነበር። ተንበርክኬ አጠበቅኳት። እንደዚያች ብሎን አድርጌ ያጠበቅኩት ነገር በዕድሜዬ የለም፤ በእውነተኛው ዕድሜዬ ማለቴ ነው።

ክፍሉ አሁንም ክፍት ነው። ከሌሎች ጤና ጣቢያዎች ሳይቀር እየመጡ አጠገቧ ይቀመጡና ያቺን ጥቁር መስኮት ይማራሉ፤ እሷም ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠን አታስተምርም።

አዲሱ ሲስተም ግን ሥራ የጀመረው በእኔ ነው። በሦስተኛው ቀን እራት ላይ የባለቤቴ ስልክ ጮኸ፣ መልእክት ገባ፤ ካርዴ ላይ የተመዘገበው የእሷ ቁጥር ነው። አነበበችው፤ መልሳ አነበበችው።

"ሃምሳ ዓመት ያለፋችሁ ለምርመራ ቅረቡ ይላል። አንተ ሃምሳህን ሳልሰማ መቼ ነው ያለፍከው?"

የጎረስኩትን ሳልውጥ ከግድግዳው ማዶ የጭረት ሳቅ ተሰማ።